ላፕቶፑ ለመነሳት ይዘገያል? ጂዳና መካ ላላችሁ እህቶች የተዘጋጀ መመሪያ

ለራሳችን የምናገኘው ሰዓት አጭር ነው። ቤቱ ሁሉ ተኝቶ፣ ወይም በዕረፍት ቀን፣ ላፕቶፑን ከፍተን ትምህርት ልንከታተል፣ ፎርም ልንሞላ ወይም አገር ቤት ያሉትን ልጆች በቪዲዮ ልናይ ስንቀመጥ ማሽኑ ሩብ ሰዓት ሲሽከረከር ያናድዳል። ብዙ ሰው በቃ «ይሄ ነገር ሞቷል» ይልና አውጥቶ ለሀራጅ በርካሽ ይሸጠዋል። የፓስፖርት ኮፒው፣ የኢቃማው ፎቶ፣ የሥራ ውሉና የቤተሰብ ምስሉ ግን ውስጡ እንዳለ ነው የሚሄደው።

አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ አልሞተም። ገና ሲነሳ ብዙ ሸክም ስለሚጫንበት፣ ወይም ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ አሮጌ ዓይነት ስለሆነ ነው የሚዘገየው። የመጀመሪያው ያለምንም ወጪ ይስተካከላል። ሁለተኛው አንድ ዕቃ መቀየር ይፈልጋል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም በየተራ ያሳያል፤ ሱቅ ስትወስዱት፣ ስትሸጡት ወይም አገር ቤት ስትልኩት መጠንቀቅ ያለባችሁንም ይናገራል። የተጻፈው ዊንዶውስ 10 እና ዊንዶውስ 11 ላላቸው ኮምፒውተሮች ነው።

በአጭሩ

- ምንም ከመንካታችሁ በፊት አስፈላጊ ፋይሎቻችሁን በፍላሽ ገልብጡ።
- ኮምፒውተሩ ሲበራ አብረው የሚነሱትን አፖች አጥፉ። ይህ ነጻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።
- ዲስኩ ሞልቶ ከሆነ ቦታ አስለቅቁ። «ዳውንሎድስ» የሚለውን ፎልደር ግን ሳታዩ አታጥፉ።
- ውስጡ ያለው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከሆነ በኤስ ኤስ ዲ አስቀይሩት። ከዚህ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣ ነገር የለም።
- የአብሸር፣ የናፋዝና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ለማንም ጠጋኝ አትስጡ።

መጀመሪያ ሰዓቱን ለኩ

ስልካችሁ ላይ ያለውን የሰዓት መቁጠሪያ አስነሱና ኮምፒውተሩን አብሩ። ሁለት ነገር ለኩ። አንደኛው፣ ማብሪያውን ከተጫናችሁበት እስከ ይለፍ ቃል መጠየቂያው ድረስ ያለው ነው። ሁለተኛው፣ ይለፍ ቃሉን ካስገባችሁ በኋላ አንድ ነገር ከፍታችሁ መሥራት እስክትችሉ ያለው ነው። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

ይህን የምታደርጉት ችግሩ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። የመጀመሪያው ክፍል አጭር ሆኖ ሁለተኛው ከረዘመ፣ አብረው የሚነሱ አፖች በዝተዋል ማለት ነው። ሁለቱም ከረዘሙ ጥርጣሬው ወደ ዲስኩ ይሄዳል። የኮምፒውተሩ ድርጅት ምልክት (ዴል፣ ኤች ፒ፣ ሌኖቮ የሚለው) ላይ ብቻ ብዙ ከቆየ ደግሞ ችግሩ ከዊንዶውስ በፊት ነው። ፍላሽ ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ ነቅላችሁ እንደገና ሞክሩ። ማሽኑ እሱን ሲመረምር ነው አንዳንዴ የሚቆየው።

ከዲስኩ ውስጥ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ፋይሎች በድንገት አልከፈት ካሉ፣ ማፍጠኑን እርሱትና መጀመሪያ ፎቶና ዶክመንቶቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ያ ዲስክ ሊሞት ነው ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከሞተ በኋላ ፋይል ማውጣት በጣም ውድ ነው፣ አንዳንዴም አይቻልም።

ኮምፒውተሩ ዓረብኛ ከሆነ

ሳዑዲ ውስጥ የተገዛ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ በዓረብኛ ነው የሚመጣው። ሁሉም ነገር ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል፤ መስኮት የሚዘጋው የኤክስ ምልክትም በግራ በኩል ይገኛል። ዓረብኛ መናገር ብንችልም ማንበቡ የሚከብደን ብዙ ነን። ስለዚህ መጀመሪያ ቋንቋውን መቀየር ሌላውን ሥራ ያቀላል።

የዊንዶውስ ምልክት (አራት ትናንሽ ሳጥን) ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «አይ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ተጫኑ። ሴቲንግ ይከፈታል። ሰዓት የሚመስል ምልክት ያለበትን «ታይም ኤንድ ላንጉጅ» ክፈቱ፤ ከዚያ «ላንጉጅ» የሚለውን ምረጡ። «አድ» ብላችሁ እንግሊዝኛ ወይም አማርኛ መጨመር ትችላላችሁ። አማርኛ በራሱ ፊደል «አማርኛ» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ሲጫን ኢንተርኔት ይጠቀማል፤ ከጨረሰ በኋላ ወጥታችሁ ስትገቡ ይቀየራል። በአማርኛ መጻፍ የምትፈልጉም ኪቦርዱን በዚሁ ነው የምታገኙት፤ ከአንዱ ኪቦርድ ወደ ሌላው ለመዞር የዊንዶውስ ቁልፉንና ረጅሙን ባዶ ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ነው።

አንዳንድ ላፕቶፕ «ሲንግል ላንጉጅ» የሚባል ዊንዶውስ ነው ያለው። ይህ ዓይነቱ የማሳያ ቋንቋ መቀየር አይፈቅድም። ስትገዙ መጠየቅ ያለባችሁ አንዱ ነገር ይኼ ነው።

አንደኛ፦ አብረው የሚነሱትን አፖች አጥፉ

ዋናው ነጻ መፍትሔ ይህ ነው። ብዙ አፕ ስትጭኑት ሳይጠይቃችሁ «ኮምፒውተሩ ሲበራ እኔም ልነሳ» ብሎ ራሱን ይመዘግባል። አምስት ስድስት ሲሆኑ ሁሉም በአንድ በር ሊወጡ እንደሚጋፉ ሰዎች ይሆናሉ።

1. ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ኢስኬፕ በላይኛው ግራ ጥግ ላይ ያለው ነው። «ታስክ ማኔጀር» የሚባል መስኮት ይከፈታል። ይህ በዓረብኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።
2. በዊንዶውስ 10 ትንሽ መስኮት ብቻ ከመጣ ከታች ያለውን «ሞር ዲቴይልስ» ተጫኑ። ከላይ ከተደረደሩት «ስታርታፕ» የሚለውን ምረጡ። በዊንዶውስ 11 ከጎን ካሉት ምልክቶች መካከል «ስታርታፕ አፕስ» የሚለው ነው።
3. የአፖች ዝርዝር ይመጣል። «ስታርታፕ ኢምፓክት» በሚለው ረድፍ «ሃይ» የተባለው ከባድ ሸክም፣ «ሚዲየም» መካከለኛ፣ «ሎው» ቀላል ነው።
4. የማትፈልጉት ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጫኑና «ዲሴብል» በሉ።

አትፍሩ፤ «ዲሴብል» ማለት አፑን ማጥፋት አይደለም። አፑ እዚያው አለ፤ ስትፈልጉት ራሳችሁ ትከፍቱታላችሁ። ከተሳሳታችሁም በዚያው ቦታ «ኢኔብል» ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።

ያለ ሥጋት ሊጠፉ የሚችሉ፦ ኢሞ፣ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ቲምስ፣ ስፖቲፋይ፣ የጨዋታ አፖች፣ የፕሪንተር ማሳሰቢያዎች። ኢሞና ዋትስአፕ ስልካችሁ ላይ ስላሉ ጥሪ አያመልጣችሁም።

ባይነኩ የሚሻል፦ «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» የሚለው፣ የድምፅ (ሪልቴክ)፣ የመዳሰሻ ሰሌዳ (ሲናፕቲክስ ወይም ኢላን) እና የስክሪን (ኢንቴል ግራፊክስ) ስም ያላቸው።

አስባችሁ የምትወስኑበት፦ «ዋን ድራይቭ»። ይህን ካጠፋችሁት ፎቶና ፋይላችሁን በራሱ ወደ ኢንተርኔት መገልበጡን ያቆማል። የልጆቻችሁ ፎቶ የተቀመጠው በእሱ ብቻ ከሆነ ተዉት።

አንድን አፕ ስሙን ካላወቃችሁት ዝም ብላችሁ አታጥፉት። ስሙን ጽፋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ።

ሁለተኛ፦ «ሻት ዳውን» እና «ሪስታርት» አንድ አይደሉም

ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ዊንዶውስ 8 በ2012 እ.ኤ.አ. ሲወጣ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል አሠራር መጣ። ኮምፒውተሩን «ሻት ዳውን» ስትሉት የውስጥ ሥራውን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ ጽፎ ያድራል፤ ጠዋት ከዚያው ይቀጥላል። በዚህ የተነሳ ቶሎ ይነሳል። ነገር ግን የተበላሸ ነገር ካለም እሱን ይዞት ያድራል።

«ሪስታርት» ግን ሁሉን ዘግቶ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ማሽኑ ከተንቀራፈፈባችሁ ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት አይበቃም፤ «ሪስታርት» በሉት። በሳምንት አንድ ጊዜ ሪስታርት ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው።

አሠራሩ በአንዳንድ ኮምፒውተር ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ለማየት መፈለጊያው ላይ «ኮንትሮል ፓነል» ብላችሁ ክፈቱ፤ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ በጎን ያለውን የማብሪያ ቁልፍ ምርጫ ክፈቱ፤ እዚያ «ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ» የሚለው ምልክት እንዲኖረው አድርጉ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላለው ማሽን ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ሌላም መንገድ አለ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለአጭር ጊዜ የምትከፍቱ ከሆነ ሁልጊዜ ማጥፋት የለባችሁም። «ስሊፕ» ብላችሁ ክዳኑን ዝጉ፤ ስትከፍቱት ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ይነሳል፤ የከፈታችሁት ገጽም እዚያው ይጠብቃችኋል። ሦስት ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ይለፍ ቃል ይኑረው፤ ባትሪው እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ በስሊፕ ላይ ያለ ላፕቶፕ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ወይም ብርድ ልብስ ሥር አታስገቡ፣ ሊግል ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዲስኩን አስተንፍሱት

ዲስክ እስከ አፉ ሲሞላ ዊንዶውስ የሚሠራበት ቦታ ያጣል። ከጠቅላላው ከአምስት አንዱ ያህል ባዶ ቢሆን ጥሩ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ስቶሬጅ» ክፈቱ። ምን ምን ቦታ እንደያዘ ያሳያችኋል። «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ስትከፍቱ የሚጠፉ ነገሮች ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፦ በዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል አለ። በኢሜል የመጣላችሁ የሥራ ውል፣ ከአብሸር ያወረዳችሁት ወረቀት፣ የአየር ትኬት፣ ሁሉም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ምልክቱን አንሱበት፤ ሌላውን አጥፉ። ዳውንሎድስን ራሳችሁ ከፍታችሁ አንድ በአንድ እያያችሁ አጽዱ።

ፊልምና ረጅም ቪዲዮ ወደ ፍላሽ ወይም ውጫዊ ዲስክ ብታወጡ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይለቀቃል። የማትጠቀሙበትን አፕ ደግሞ ከሴቲንግ «አፕስ» ገብታችሁ «አንኢንስቶል» በሉ። «ኮምፒውተር አፍጣኝ» እያሉ ኢንተርኔት ላይ የሚመጡ ማስታወቂያዎችን አትጫኑ። ብዙዎቹ ራሳቸው ሸክም ናቸው፤ አንዳንዶቹ ቫይረስ ናቸው።

አራተኛ፦ ቫይረስ መኖሩን አረጋግጡ

ከሰው ፍላሽ የሚገለበጥ ፊልምና መዝሙር፣ በነጻ ተብሎ የሚጫን «ክራክ» ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ቫይረሱ ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ ይነሳል፤ ከማዘግየቱም በላይ የምትጽፉትን ይለፍ ቃል ሊሰርቅ ይችላል።

ዊንዶውስ 10 እና 11 የራሳቸው መከላከያ አላቸው። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ» ክፈቱ፤ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ «ስካን ኦፕሽንስ» አለ። «ፉል ስካን» ምረጡና ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሌሊቱን ተዉት። ግትር ቫይረስ ከጠረጠራችሁ እዚያው «ኦፍላይን ስካን» የሚል አለ፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ሲነሳ ይመረምራል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለት ሦስት ዓይነት ጸረ ቫይረስ አንድ ላይ መጫን ግን ጥበቃ አይጨምርም፤ እርስ በርስ እየተጋፉ ማሽኑን ያንቀራፍፉታል።

አምስተኛ፦ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ በኤስ ኤስ ዲ ላይ አውጡ

እስካሁን ያለውን ሁሉ አድርጋችሁ ሰዓቱን እንደገና ለኩ። አሁንም ብዙ ደቂቃ ከወሰደ የዲስኩን ዓይነት እዩ። ታስክ ማኔጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ክፈቱና «ዲስክ» ላይ ተጫኑ። «ኤች ዲ ዲ» ወይም «ኤስ ኤስ ዲ» ብሎ ይነግራችኋል። ኮምፒውተሩ ከተነሳ በኋላ ዲስኩ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ ላይ ከቆመም ምልክት ነው።

ኤች ዲ ዲ ማለት ውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ነው። በላፕቶፕ ውስጥ ያለው በአብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፤ አንዲት መርፌ መሰል ክንድ ከቦታ ቦታ እየዘለለች ታነባለች። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ስለሚፈልግ ክንዷ ስትሯሯጥ ነው ጊዜው የሚያልቀው። ኤስ ኤስ ዲ ደግሞ እንደ ስልክ ሜሞሪ ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ደቂቃዎች ይፈጅ የነበረ ላፕቶፕ ኤስ ኤስ ዲ ሲገባለት ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ይነሳል።

ራምስ? ራም በይበልጥ የሚረዳው ከተነሳ በኋላ ብዙ ነገር አንድ ላይ ስትከፍቱ ነው። 4 ጊጋባይት ያለው ማሽን ለዛሬ ጠባብ ነው፤ 8 ይበቃል። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃና ዲስኩ ኤች ዲ ዲ ከሆነ ግን መጀመሪያ ኤስ ኤስ ዲውን አድርጉ።

አንዳንድ ቀጫጭን ርካሽ ላፕቶፖች ዲስካቸውና ራማቸው ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የሚመጣው፤ አይቀየርም። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞዴሉን ለባለሙያ አሳዩ።

አሮጌ ላፕቶፕ ሲበራ ሰዓትና ቀኑን ከረሳ፣ ወይም አንድ ቁልፍ ካልተጫነለት አልነሳም ካለ፣ በአብዛኛው ያለቀችው ትንሿ ክብ ባትሪ ናት። በብዙ ማሽን ላይ ሲ አር 2032 የምትባለው ስትሆን በጣም ርካሽ ናት። ቀኑ ሲሳሳት ዌብሳይቶች «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» እያሉ አልከፈት ይላሉ፤ በዚህ ተታላችሁ ዊንዶውስ አስቀይሩ ቢሏችሁ አትቸኩሉ።

ሱቅ ስትወስዱት

ጂዳ ላይ ሻረ ፈለስጢን አካባቢ በኮምፒውተርና በሞባይል ሱቅ የታወቀ ነው። አዲስ ዕቃ በደረሰኝ ለመግዛት እንደ ጃሪርና ኤክስትራ ያሉ ትልልቅ መደብሮች በጂዳም በመካም አሉ። የትም ሂዱ፣ ቢያንስ ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ የዕቃውንና የእጅ ሥራውን ዋጋ ለየብቻ አስነግሩ።

እነዚህን ቃላት ያዙ፦

- «አብጋ አገይር አልሃርድ ኢላ ኤስ ኤስ ዲ» — ሃርዱን በኤስ ኤስ ዲ መቀየር እፈልጋለሁ።
- «ላ ቲምሳሕ ሸይ» — ምንም ነገር አታጥፋ።
- «ጀዲድ ወላ ሙስተዕመል?» — አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?
- «ፊ ደማን?» — ዋስትና አለው?
- «አብጋ ፋቱራ» — ደረሰኝ እፈልጋለሁ።
- «አብጋ አልሃርድ አልቀዲም» — አሮጌውን ሃርድ መልስልኝ።

የመጨረሻው ትልቅ ነገር ነው። አሮጌው ሃርድ ዲስክ የእናንተ ነው፤ ውስጡም ያለው የእናንተ ሕይወት ነው። ሱቁ ውስጥ አትተዉት። ጠጋኙ የድሮውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ሊገለብጥላችሁ ወይም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሊጭን ይችላል። እንደ አዲስ ከተጫነ ፋይላችሁ አይኖርም፤ ስለዚህ በፍላሽ ሳትገለብጡ አትስጡ።

ከመስጠታችሁ በፊት፦

- የግል ፎቶዎችን ወደ ፍላሽ አውጥታችሁ ከኮምፒውተሩ አጥፉ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጉ።
- ከኢሜል፣ ከፌስቡክ፣ ከቴሌግራም ውጡ። ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጡ ይለፍ ቃሎችን ሰርዙ።
- የኮምፒውተሩን ይለፍ ቃል መስጠት ካለባችሁ ለጊዜው ሌላ ቀላል ይለፍ ቃል አድርጉ፤ ሲመለስ ቀይሩት።
- ጠጋኙ «ናፋዝ ላይ ቁጥር ይመጣል፣ ተቀበይ» ወይም «ስልክሽ ላይ የመጣውን ኮድ ንገሪኝ» ካለ ዕቃውን ይዛችሁ ውጡ። ኮምፒውተር ለመጠገን ናፋዝም አብሸርም አያስፈልግም። በናፋዝ የምታጸድቁት ነገር በእናንተ ስም የተፈረመ ያህል ነው።

የግል ፎቶ ይዞ «ገንዘብ ካልላክሽ እለቀዋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብ አትላኩ፤ መልእክቱን አታጥፉ፤ በስክሪን ፎቶ ያዙት። በሳዑዲ ዓረቢያ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ እንዲህ ያለውን ማስፈራራት እስከ አንድ ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል መቀጮ ያስቀጣዋል። ለፖሊስ ማመልከት ብቻችሁን ከከበዳችሁ ጂዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ

ሀራጅ በሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያና በዚያው ስም በሚጠራው አፕ ላይ ርካሽ ላፕቶፕ ሞልቷል። ሳታስነሱ አትግዙ። ሻጩ አብርቶ ሲያሳያችሁ አጥፍቶ እንደገና እንዲያበራው ጠይቁ፤ ሰዓት ያዙ። ከዚያ እነዚህን እዩ፦

- ዲስኩ ኤስ ኤስ ዲ ነው? ራሙ ስንት ነው?
- ቻርጀሩ ሲነቀል ወዲያው ይጠፋል? ከጠፋ ባትሪው ሞቷል።
- የቀድሞው ባለቤት አካውንት ወጥቷል? በሰው አካውንት ያለ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቁልፍ ጠይቆ ሊዘጋባችሁ ይችላል።
- ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው? የኢንቴል «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 8250 ከሆነ ስምንተኛ ትውልድ ነው፤ 6200 ከሆነ ስድስተኛ።

የመጨረሻው ለምን ያስፈልጋል? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 (ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.) አቁሟል። ለተመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው ተጨማሪ ጊዜ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነበር የተወሰነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክ፣ እንዲሁም «ቲ ፒ ኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ክፍል ያላቸውን ነው የሚቀበለው። ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ በኤስ ኤስ ዲ ፈጣን ሊሆን ይችላል፤ ለትምህርትና ለጽሑፍም ይጠቅማል። ለባንክ ሥራ ግን አትመኑት፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀንሱ።

ለመሸጥ ወይም አገር ቤት ለመላክ

የምትሸጡት ከሆነ ፋይል መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ የተሰረዘ ፋይል በቀላሉ ይመለሳል። ሴቲንግ ውስጥ «ሪከቨሪ» ፈልጉና «ሪሴት ዚስ ፒሲ» በሉ፤ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ምረጡ፤ በተጨማሪ ምርጫው ውስጥ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጽዳ የሚለውን አብሩ። በአሮጌ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ተዉት።

ለታናሽ ወንድም ወይም ለልጅ ትምህርት የምትልኩ ከሆነ ከመላካችሁ በፊት እዚሁ አስተካክሉት፤ ቋንቋውንም ከዓረብኛ ቀይሩት። የሳዑዲ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፤ የኢትዮጵያው ክብ ሁለት እግር። ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት 100-240» ቮልት የሚል ከተጻፈ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለችግር ይሠራል፤ ከግድግዳው ወደ ቻርጀሩ የሚሄደውን ገመድ ብቻ መቀየር ወይም ማስተካከያ ሶኬት መግዛት ነው። በአውሮፕላን ስትጓዙ ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ያዙት። ትርፍ ባትሪና ፓወር ባንክማ ወደ ዕቃ ክፍል በሚገባው ሻንጣ ውስጥ ጭራሽ አይፈቀድም።

የአሠሪዎቻችሁ ኮምፒውተር ሲሆን

ልጆቹ «ኮምፒውተራችን ዘገየ፣ አስተካክይልን» ሊሏችሁ ይችላሉ። ማዳም ወይም ባባ ራሳቸው ካልጠየቋችሁ አትንኩት። ከጠየቋችሁም እነሱ አጠገባችሁ ቁጭ ብለው ሳሉ፣ አብረው የሚነሱትን አፖች ብቻ «ዲሴብል» አድርጉ፤ ፋይል አታጥፉ፣ ዊንዶውስ አትቀይሩ። ነገ የሆነ ዶክመንት ቢጠፋ «እሷ ናት የነካችው» መባል አይቀርም።

የራሳችሁን ኢሜል፣ ፌስቡክ ወይም ባንክ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ አትክፈቱ። ግዴታ ከሆነ በግል መስኮት (ኮንትሮል፣ ሺፍት እና «ኤን» የሚለው ፊደል) ክፈቱ፤ ስትጨርሱ ወጥታችሁ ዝጉት።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቁ

ዲስኩን «ዲፍራግ» ላድርግ? ዲስኩ ኤች ዲ ዲ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ በየጊዜው ያደርገዋል። ኤስ ኤስ ዲ ከሆነ አያስፈልገውም፤ ድካሙ በከንቱ ነው።

«አፕዴት» እያለ ያስቸግራል፤ ላጥፋው? አታጥፉት። ጠዋት ስትቸኩሉ እንዳይጀምር በዕረፍት ቀናችሁ ራሳችሁ አስጀምሩት። አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት አትንቀሉ፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ካላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ።

በበጋ ሲሆን ይብሳል፤ ለምን? የጂዳና የመካ ሙቀት ሲጨምርበት ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አልጋና ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት። የማራገቢያው ቀዳዳ በአቧራ ከተደፈነ ሱቅ ስትሄዱ አስጠርጉት።

ሁሉንም አድርጌ አልተለወጠም። ፋይላችሁን በፍላሽ ገልብጡና «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ውስጥ «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለውን ሞክሩ። ፋይሎቹ ይቆያሉ፤ የጫናችኋቸው አፖች ግን ይጠፋሉ፣ እንደገና መጫን አለባችሁ። ከዚያም በኋላ ከዘገየ ቀሪው የዕቃ ጉዳይ ነው፤ የጥገናውን ዋጋ ከሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር አወዳድራችሁ ወስኑ።